ሦስት ቁልፍ የተቆለፈበት የደም መዝገብ

ናይሮቢ፣ ማክሰኞ ታኅሣሥ 6 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ጌታቸው
የኪሊማኒና አካባቢው ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር
ላቪንግተን፣ ወይም ስብሰባ ላይ ከሆኑ እዚያው

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ የማኅበሩ ማኅተምም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ደምዎ እንዴት ሰነበተ? ለወግ ያህል የጠየቅሁ እንዳይመስልዎ። በዚህ ሳምንት በናይሮቢ ከተማ ከእርስዎ ደም የበለጠ የሚያሳስበኝ ነገር የለም፤ ሁለቱም ክንዶችዎ እጅጌዎ ውስጥ በሰላም መኖራቸውን ሳስብ ግን ትንሽ እጽናናለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ደውዬ ስለምንዎት «እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሆንም፤ በጽሑፍ አቅርበውና ኮሚቴው ይየው» ብለውኝ ነበር። እነሆ፣ አቀረብኩ። ፋይል ውስጥ ገብቶ እንዳይጠፋብዎ ስለሰጋሁም አንዱን ግልባጭ በእነ ትዕግስት ምግብ ቤት በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ጥያቄዬ አጭር ናት። ዓይናለም፣ የታክሲ ሾፌሩ የዘርይሁን ባለቤት፣ ከዓርብ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝታለች። ማሕፀኗ ላይ በበቀለ እጢ የተነሳ ደም እየፈሰሳት ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ጥገና ትገባለች። ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ስለሆነ ሌላ ዓይነት ደም አይሆናትም፤ ሆስፒታሉም ይህ ደም የለኝም ብሏል። ሐኪሙ «ሁለት ሰው አምጡ» ብሎን አንዱን አምጥተናል። ሁለተኛው እርስዎ ነዎት። ደሙ ተመርምሮ ለሐሙስ እንዲደርስ እስከ ነገ ረቡዕ ቀትር መስጠት አለብዎት። ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ ይህችን ታህል ጥያቄ ለመጠየቅ ለምን አራት ቀን እንደፈጀብኝ የሚያስረዳ ነው።

የደም ዓይነቴን አደባባይ አወጣብኝ ብለው እንዳይቆጡ፤ ያወጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት። በኅዳር ሚካኤል ዕለት የማኅበራችን የደም ሰጪዎች መዝገብ ሲመረቅ ድምፅ ማጉያውን ይዘው «የእኔ ደም ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ ለማንም ይሆናል፤ ለወገኔ ይፍሰስ!» ሲሉ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው አጨብጭቧል። እኔም አጨብጭቤያለሁ። መዳፌ እስካሁን ያመኛል።

በበሩ ላይ ቆመው ይህን ለሚያነቡና ለማያውቁኝ፦ እዮብ ወንድይፍራው እባላለሁ፤ ኪሊማኒ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ይዤ ስልክ እጠግናለሁ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ ሳይበር ካፌ ያተምኩትን ወረቀት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ቆሜ እያነበብኩ ነው የተማርኩት። ዲግሪ የለኝም። ይህን በየስብሰባው ስለሚያስታውሱኝ ልረሳው አልቻልኩም፤ እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ አገር ሰው ታሞ ሆስፒታል ሲገባ ቤተሰቡን «ደም የሚሰጥ ሰው ይዛችሁ ኑ» እንደሚሉ፣ ያኔም ዘመድ ሁሉ ስልኩን ይዞ «አንተ ምንድን ነው ደምህ? አንቺስ?» እያለ ከተማውን እንደሚያስስ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የአባሎቻችንን ስም፣ ሰፈር፣ ስልክና የደም ዓይነት የያዘ መዝገብ ሠራሁ። «ኦ ኔጌቲቭ፣ ኪሌሌሽዋ» ብሎ ለጠየቀው ሰው ስልክ ቁጥሩን በሁለት ሴኮንድ ያወጣል። ያስቀመጥኩት ሱቄ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አይደለም፤ ባሕር ማዶ ዳታቤዝ የሚያከራይ ድርጅት አለ፣ እሱ ዘንድ ነው። እኛ ጋ መብራት ቢሄድ እዚያ አይሄድም፣ በየቀኑ ራሱ ቅጂውን ያስቀምጣል፣ ኢንተርኔት ካለበት ሁሉ ይከፈታል። ገና ሁለት ወር ያልሞላው አዲስ ነገር ነው። ቅሬታዎቼም የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

1ኛ. መዝገቡ ባሕር ማዶ ነው ብዬ በመናገሬ ኮሚቴው ሦስት ስብሰባ ተቀምጧል። ክቡር ጸሐፊው አቶ አወቀ «የቤት ቁጥሩ ስንት ነው? በሩ ላይስ ማን ይጠብቃል?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «ቤቱን ሳታውቅ የሰው ደም አስቀመጥክ?» አሉኝ። ደሙ ከነባለቤቱ እዚሁ ናይሮቢ ነው፤ ያስቀመጥኩት ስሙን ነው ብዬ ብምልም አልሆነም። እርስዎም በታወቀው አስተዋይነትዎ ዳታቤዙን በአካል አይቶ የሚመለስ ሦስት ሰው ያለበት የጎብኚ ቡድን እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ፤ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው እርስዎ ሆኑ፤ የቀረው ቪዛ ብቻ ነው። እስከዚያው ፎቶግራፉን እንዳቀርብ ስለታዘዝኩ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን አትሜ አመጣሁ። አቶ አወቀ አገላብጠው አይተው «ማኅተም የለውም» አሉ። ማኅተም ተመታበትና ፋይል ውስጥ ገባ። ንብረቱ ኪሊማኒ ላይ በክብ ማኅተም መረጋገጡን ባለቤቱ ድርጅት አልሰማም፤ ቢሰማ እንደሚያመሰግንዎ ግን አልጠራጠርም።

2ኛ. የማኅበራችን የብረት ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በእርስዎ፣ አንዱ በአቶ አወቀ፣ አንዱ በገንዘብ ያዧ በወይዘሮ አያልነሽ እጅ ይቀመጣል፤ ሦስታችሁ ሳትገናኙ አይከፈትም። ለሣጥን ጥሩ ሕግ ነው፣ አባቶቻችን ያወጡት ነው፣ እጅ እነሣለሁ። እናንተ ግን «መዝገቡም ሣጥን ነው» አላችሁ። የይለፍ ቃሉ አሥራ ሁለት ፊደል እንዲሆን፣ አራት አራቱን ሦስታችሁ እንድትካፈሉት፣ አንዱ ሲጽፍ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዲያዞሩ፣ እያንዳንዱም ድርሻውን በፖስታ አሽጎ እንዲይዝ ተወሰነ። እኔ ከክፍሉ ውጣ ተባልኩ፤ በመስኮቱ ግን ሁሉም ይታያል። አቶ አወቀ አራት ፊደል ለመጻፍ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀባቸው። ወይዘሮ አያልነሽ ከግድግዳው ጋር ተፋጠው «አቶ አወቀ፣ ኑዛዜ ነው እንዴ የሚጽፉት? አንገቴ ደረቀ!» ሲሉ ሰማሁ። ሦስታችሁም ጨርሳችሁ ተቃቅፋችሁ ስትሳሳሙ ገጹ ደግሞ «እባክዎ እንደገና ይጻፉ» አለ፤ እንደ አዲስ ሁሉም ወደ ግድግዳ ዞረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በመዝገቡ ውስጥ አንድ ስም ለመፈለግ እንኳ ሦስት የታሸጉ ፖስታዎች መገናኘት አለባቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ እኔም ፈርሜያለሁ፤ ለምን እንደፈረምኩ ዛሬ ብጠየቅ ራቴን ሳልበላ ስለነበር ነው።

3ኛ. ወደ ቅዳሜ እንምጣ። ዘርይሁን ሱቄ የገባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ታክሲውን መሐል መንገድ ላይ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ነው ትቶት የመጣው። «እዮቤ፣ ያቺ መዝገብህ የታለች?» አለኝ።

ኪሌሌሽዋ፣ አቶ አወቀ ቤት ወጣሁ። አቶ አወቀ ፖስታቸውን ከብብታቸው አውጥተው አሳዩኝ፤ እንዳልነካው ግን መልሰው ከተቱት። «ልጄ፣ እኔ አንጀት አጥቼ አይደለም፤ ሁለቱ ባሉበት እንጂ ብቻዬን ብከፍተው ነገ ምን እባላለሁ?» አሉኝ። ወይዘሮ አያልነሽ ዕቃ ጭነው ጁባ ናቸው፤ ደወልኩ። «እዮብዬ፣ ለዓይናለም አንጀቴ እርር ነው ያለው፤ ግን ቁልፍ በስልክ አይሰጥም ብለን ፈርመን የለ?» አሉ። ፊደል ነው ወይስ ቁጥር ብዬ ብለምናቸው «እሱንም አልነግርህም» ብለው አለቀሱ። ከልባቸው አለቀሱ፣ አልዋሽም። ከዚያ ላቪንግተን፣ እርስዎ ቤት። ሽምግልና ሄደዋል ተባለ፤ ስልክዎ ዝግ። በዚህ መሀል አምስት ማታቱ ቀያይሬያለሁ፤ ዘርይሁን ደግሞ በየአሥር ደቂቃው እየደወለ «ተገኘ?» ይለኛል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ቤት አከራይ ቁልፍ ለጠፋበት ተከራይ መቆለፊያ እንደሚቀይርለት ሁሉ፣ ዳታቤዝ የሚያከራየውም ድርጅት የኪራዩ ውል በስሙ ለሆነ ሰው የይለፍ ቃል ይቀይርለታል። ውሉ በእኔ ስም ነው። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ፤ አራት ደቂቃ ፈጀ። ግድግዳ ያየ ማንም አልነበረም።

ከመቶ ሰማንያ አራት ስም ኦ ኔጌቲቭ ሆነው የተገኙት ሦስት ናቸው። አንዱ ጓዙን ጠቅልሎ አገር ቤት ገብቷል። ሁለተኛው ታዲዮስ ነው፤ ስደውልለት ፀጉር ቤት ተቀምጦ ነበር። ግማሹን እንደተላጨ ኮፍያ ደፍቶ መጣ፣ ሰጠ፣ ሻይ ጠጣ፣ ተመልሶ ሄዶ ቀሪውን ግማሽ ተላጨ። ሦስተኛው እርስዎ ነዎት። ከሰዓት በኋላ ስልክዎ ተከፍቶ አገኘሁዎትና ነገሩን ስነግርዎ መጀመሪያ ያሉት «ማን ከፈተው?» ነው። ዓይናለም እንዴት ነች አላሉም። የትኛው ሆስፒታል ነው አላሉም። «ማን ከፈተው? በማን ፈቃድ?» ከዚያም በጽሑፍ አቅርብ አሉ። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፤ እሑድ ሳልጽፍም ይመጡ ይሆናል ብዬ ሆስፒታሉ በር ላይ ዋልኩ። ሰኞም ዋልኩ።

4ኛ. እሑድ እርስዎ ሆስፒታል ያልመጡት አስቸኳይ ስብሰባ ስለነበረዎት መሆኑን ያወቅሁት ሰኞ የዕግድ ደብዳቤዬ ሲደርሰኝ ነው። ከልቤ አመሰግናለሁ፤ በማኅበራችን ታሪክ በአንድ ቀን ተወስኖ፣ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ባለቤቱ እጅ የደረሰ ደብዳቤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቁልፍ በስልክ አይሰጥም ያሉት ወይዘሮ አያልነሽም ድምፃቸውን ግን ከጁባ በስልክ መስጠታቸውን ቃለ ጉባኤው ይመሰክራል። ውሳኔው ሁለት ነው፤ እኔ «ቁልፍ በመስበር» ታገድኩ፤ መዝገቡ ደግሞ በወረቀት ታትሞ ብረት ሣጥኑ ውስጥ ይቆለፍና በሚቀጥለው እሑድ ባሕር ማዶ ያለው ይደምሰስ። ብረት ሣጥኑ ያለው እርስዎ ቢሮ ነው፤ ቢሮው ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። እንግዲህ አባሎቻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በሥራ ሰዓት ብቻ እንዲደሙ በማስታወቂያ ይነገርልን።

ስለ ጥፋቴ አልከራከርም። ፈርሜ ነበር፤ ፊርማዬን አፍርሻለሁ። ነገ ሌላ ሰው ቢተኛ ነገም አፈርሰዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፣ ቀልዱን ትቼ። መዝገቡ ላይ የተመዘገበው ሰው ሁሉ ስሙን የሰጠኝ በገዛ እጁ ነው፤ «ከጠሩኝ እመጣለሁ» ብሎ ነው። ያን ሰው እንዳይጠራ አድርጎ መቆለፍ ከማን ነው የሚጠብቀው? ሌባ ገብቶ የታዲዮስን ደም ዓይነት ቢሰርቅ ምን ያደርግበታል? እኔ ዲግሪ ስለሌለኝ ይሆናል፣ አልገባኝም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ነገ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። የሚፈጀው ሃያ ደቂቃ ነው። ቃለ ጉባኤ አይያዝም። ሲሰጡ ማየት ካልፈለጉ ግን ፊትዎን ወደ ግድግዳ ማዞር ይፈቀዳል።

ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ወንበርና ሙሉ ምልዓተ ጉባኤ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከታገድኩበት ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የቀድሞ አባልዎ
እዮብ ወንድይፍራው
ስልክ ጠጋኝ

ተጨማሪ ጽሑፍ፦ ይህን የምጨምረው ከሰዓት በኋላ፣ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ሆኜ በእጄ ነው። ደብዳቤውን ቤትዎ ላደርስ ሄጄ እርስዎ ስላልነበሩ የተቀበለችኝ ልጅዎ ኤልሳቤት ናት። ግልጽ ደብዳቤ ነውና ፖስታ የለውም፤ በሩ ላይ እንደቆመች እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ «የእኔም እኮ ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ ኮሌጅ ሁለቴ ሰጥቻለሁ። ለምን አልተደወለልኝም?» አለች። ኮሚቴው ለአንድ ቤት አንድ መስመር፣ እሱም የአባወራው ስም ይበቃል ስላለ ሚስትና ልጆች መዝገቡ ላይ እንደሌሉ ነገርኳት። «ዳዲ ያለ ሚኒትስ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ አይንቀሳቀስም፤ ትዌንዴ፣ እንሂድ» ብላ ደብዳቤውን እንደያዘች ቀድማኝ ወደ መንገዱ ወጣች። ሰጥታለች። ነርሷ ለሐሙስ ይደርሳል ብላለች፤ ዘርይሁንም ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ በልቷል። ስለዚህ ነገ ባይመችዎ አይጨነቁ። ልጅዎ መዝግበኝ ስላለችኝም ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ከፍቼ ለቤት ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆን አዲስ ሠንጠረዥ ሠራሁና ከእሷ ጀመርኩ። ስም፣ ሰፈር፣ የደም ዓይነት ሞላሁ። የአባት ስም ከሚለው ቦታ ስደርስ ግን ጣቴን አቆምኩና ቀና ብዬ አየኋት። «ጻፈው እንጂ» አለችኝ፣ ክንዷ ላይ ያለውን ጥጥ እንደተጫነች፤ «ምን ይደረጋል!»