የሞዴል ወላጅነት ሽልማቴን ሌላ ሰው ስለተቀበለልኝ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ርዕሰ መምህር አቶ ቢያዝን
ኮምቦልቻ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ጤናዎን እንዲጠብቅልዎ፣ ድምፅ ማጉያዎን ከመንጫጫት፣ የቢሮዎንም ምንጣፍ እንደ እኔ ካለ ሰው ጫማ እንዲሰውርልዎ ዱዓ እያደረግሁ፣ የከበረ ሰላምታዬን ባሉበት አቀርባለሁ። እኔ ወደ ባቲ በሚወጣው መንገድ ዳር ጎሚስታ የምሠራ ጀላል የምባል ሰው ስሆን፣ በትምህርት ቤትዎ አራተኛ ክፍል የምትማረው የፋኢዛ አባት ነኝ። አባቷ መሆኔን ከመጀመሪያው የተናገርኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እርስዎ በመልክ የሚያውቁት አባቷ ሌላ ሰው ስለሆነ ነው።

ይህን በአደባባይ መጻፍ ያሳፍረኛል። ቢሮዎ መጥቼ ለብቻዎ ብነግርዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ኮምቦልቻ ጠባብ ናት፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሐርቡ ደርሷል፣ የደረሰውም ተበላሽቶ ነው። አንዳንዱ ባለቤቴን ሙናን የሚነካ ነገር ሁሉ ጨምሮበታል። ስለዚህ መዋረዱ ካልቀረ እንደሆነው ይነገር ብዬ ብዕር አነሳሁ። የትምህርት ቤቱን ስም ያልጻፍኩት ግቢው በሙሉ እንዳያፍር ነው፤ እኔ ማፈሬ ለሁላችንም ይበቃል።

ቅሬታዬን፣ አፉ ይበሉኝ፣ ምስጋናዬን ማለቴ ነው፣ በቁጥር አቀርባለሁ፤ እናንተም መመሪያ የምታወጡት በቁጥር ነውና።

አንደኛ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ወላጅ የልጁን ትምህርት እንዴት ማገዝ እንዳለበት ስላነበባችሁልን መመሪያ ከልብ አመሰግናለሁ። ወላጅ ማታ ማታ ከልጁ ጋር ቁጭ እንዲል፣ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ እንዲያናግረው፣ ወደ ግቢው ሲመጣም ንጹሕና ለልጁ አርአያ የሚሆን ልብስ እንዲለብስ የሚለው ሁሉ መልካም ነው፣ ክፋት አላየሁበትም። ቁጭ ማለቱን ቁጭ እላለሁ። እንግሊዝኛው ላይ ግን ስምንተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ስለሆንኩ ከልጄ ጋር ወሬያችን ቶሎ ነበር የሚያልቀው፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ከዚያ ዝም። ሙና ከጓዳ ብቅ ብላ ተኳርፋችኋል እንዴ እስክትለን ድረስ መመሪያውን አክብረናል። ልብሱን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ በቱታዬ መምጣቴን አልክድም። ከጅቡቲ ጭኖ የመጣ ተሳቢ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ዘግቶ ስለነበር ልብስ ለመቀየር አልደረስኩም። ጥበቃችሁ ግን በትሕትና፣ ሠራተኛ የሚገባው በጓሮ በር ነው ብሎ መራኝ፤ እኔም ክርክር ስለማልወድ በጓሮ ገባሁ።

ሁለተኛ፣ ተማሪዎች የትምህርት መርጃ መሣሪያ ከወላጆቻቸው ጋር ሠርተው እንዲያመጡ ስላዘዛችሁ አመሰግናለሁ። ለእነ ፋኢዛ ክፍል የደረሰው የሰው ሳንባ ነበር፣ በዳኛ ተወዳድሮም ደረጃ ይወጣለታል ተባለ። እኔ ቤት የሚገኘው ላስቲክና ማጣበቂያ ነው፤ ስለዚህ ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠን፣ በቀጭን ቱቦ አያይዘን፣ ሲነፉት የሚያብጥ፣ ሲተዉት የሚሟሽሽ ሳንባ አብረን ሠራን። ስንሠራ ትስቅ ነበር። አንዴ እሷ ትነፋዋለች፣ አንዴ እኔ፤ ወላሂ፣ ትምህርት እንዲህ ከሆነ እኔም ልመለስ አልኳት። ጠዋት በፌስታል ይዛው ሄደች። ክፍሉ ግን ሞቃት፣ ማጣበቂያውም በደንብ ያልደረቀ ኖሮ፣ ሽታው ቤቱን ሲሞላው መምህሯ መስኮት አስከፍታ ሳንባችንን ደጅ አስቀመጠችው። ለልጆቹ ጤና መጨነቋን አደንቃለሁ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም የልጄ ስም ፋኢዛ መሆኑ ቀርቶ ጎሚስታ ሆነ። አንደኛ የወጣው ሳንባ ደሴ ሰኞ ገበያ የተገዛ ነው፤ ሁለተኛ የወጣውም፣ ሦስተኛ የወጣውም ከዚያው ሱቅ ነው። ዳኞቹ የሦስቱን መንትያነት ልብ ባይሉ አልፈርድባቸውም፣ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል። የእኛ ግን የወላጅ ትኩረት ያልተሰጠው ሥራ ተብሎ ልጄ ወላጅ አምጪ ተባለች።

ሦስተኛው ላይ እጄ ይከብደኛል።

ወላጅ አምጪ ማለት ምን እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ነው። እኛም በልጅነታችን ወላጅ አምጡ ተብለን፣ አባታችንን ፈርተን መንገድ ላይ ያገኘነውን ሰው አጎቴ ሁንልኝ ብለን የለመንን ትውልድ ነን። ልዩነቱ እኛ የፈራነው ዱላ ነበር፣ ልጄ ግን የፈራችው ሽታዬን ነው። እኔን ይዛ መሄድ ደጅ የተጣለውን ላስቲክ በእግሩ አስሂዳ ክፍል ማስገባት መሰላት። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ ወደሚኖረው ወደ ሚስባህ ሄዳ አለቀሰች። ሚስባህ ፋርማሲ የሚሠራ፣ ነጭ ጋዋን የሚለብስ፣ እንግሊዝኛን እንደ ውኃ የጠጣ፣ ለሰው እምቢ ማለት የማያውቅ ልጅ ነው። ለአንድ ቀን አጎቷ ነኝ ብዬ ልገላግላት ብሎ አብሯት ሄደ። መምህሯ ግን ገና በሩ ላይ እጁን ጨብጣ፣ እንኳን ደህና መጡ አቶ ጀላል፣ አለችው። አይደለሁም ሊል አፉን ሲከፍት ወንበር ተሳበለት፣ ሻይ መጣለት፣ ጋዋኑ ተመሰገነለት፤ ከዚያ በኋላ እንዴት ተብሎ። ይሉኝታ ሰውን ምን እንደሚያደርገው እርስዎም የወሎ ሰው ነዎትና አይጠፋዎትም። በሌላ ጊዜም አቶ ጀላል ይምጡ ተባለ፣ ሄደ። ስለ ልጄ አስተዳደግ በእኔ ስም በእንግሊዝኛ አስተያየት ሰጠ። ጥሩ አስተያየት ነበር አሉ፤ ምን እንዳልኩ ባውቀው ደስ ይለኛል።

ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም ነበር። የወላጆች ቀን ጥሪ በስልኬ ሲመጣ፣ ስልክ ቁጥሩ እንኳ የእኔ መሆኑ በጀ፣ ፋኢዛ ስላልነገረችኝ ረስታው ነው ብዬ ሥራ ዘግቼ ለዒድ የገዛሁትን ልብስ ለበስኩ። እጄን በናፍታ ታጠብኩ፣ በኦሞ ደገምኩት፣ ጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር ግን እንዳለ ነው። በፊት ለፊት በር ገባሁ፣ ማንም አልከለከለኝም፣ ደስ አለኝ። ከኋላ ተቀመጥኩ።

እርስዎ ራስዎ ነዎት ማይኩን ይዘው የአራተኛ ክፍል ሞዴል ወላጅ ብለው ስሜን የጠሩት። ክቡር ሆይ፣ እኔ ተነሳሁ። ግማሽ ያህል ከወንበሬ ተነስቻለሁ። ልቤ፣ ያ ሳንባ ተፈልጎ ተገኘ እንዴ አለኝ፤ ሰው ሲመኝ እንዲህ ነው የሚሞኘው። ከፊተኛው ረድፍ ግን ሚስባህ ተነስቶ ወደ መድረኩ ሄደ። አበባ ይዛ የቆመችው ልጄ ናት። አበባውን ልትሰጠው እጇን ስትዘረጋ ቀና አለች፣ በሰው መሃል ጎንበስ ብዬ የቆምኩትን እኔን አየችኝ። ፊቷን ያዩ ይመስለኛል፤ እርስዎ ግን በጣም ተደስታ ነው ብለው ለታዳሚው አስረዱ።

ተቀመጥኩ። አጨበጨብኩም። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት በደግነት፣ የርስዎስ ልጅ የትኛዋ ናት ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔ የዚያች ልጅ ጎረቤት ነኝ አልኳቸው። እርስዎን ልወቅስ የተቀመጥኩ ሰው እዚህ ስደርስ ብዕሩ ከእጄ ይወድቃል። ልጄ ቃል ሳትናገር ነው የሸሸችኝ፤ እኔ ግን ልጄን በገዛ አፌ ካድኳት፣ ያውም የዒድ ልብሴን ለብሼ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሚስባህ የተሸለመውን ፔርሙዝ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ቤታችን መጣ። አፉ በለኝ ወንድሜ ብሎ የሆነውን ሁሉ ነገረኝ። አብሽር አልኩት፣ ምን ልበለው። ፋኢዛ ከክፍሏ አልወጣችም፣ ምሳም አልበላችም። እኔ ልቆጣት አልቻልኩም፣ ላባብላትም አልቻልኩም፤ በሩ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። ሙና፣ ልጅቷ አንተን አልጠላችም፣ ሳቃቸውን ነው የሸሸችው ትለኛለች። ይሆናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ልጄ ከትምህርት ስትመለስ በሥራዬ በኩል አታልፍም፣ በመስጊዱ በኩል ዞራ ነው ቤት የምትገባው። ድሮ እዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ነበር የቤት ሥራዋን የምትሠራው።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። መመሪያችሁ ሐሰተኛ ወላጅ ያመጣ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ይሰናበታል ይላል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ትምህርት ቤት ሐሰተኛውን ወላጅ ደጋግሞ ሻይ ጋብዞ፣ ሞዴል ብሎ፣ በአበባ አጅቦ ከሸለመ በኋላ አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ቢያባርር ሰው ግራ ይገባዋል ብዬ እፈራለሁ። ቅጣቱ የግድ ከሆነ ለእኔ ይሁንልኝ። ጎረቤት ነኝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ምስክር አለብኝ። ለልጄ ግን የምለምነው ክፍሏንና ስሟን ነው፤ ፋኢዛ ተብላ ትጠራ። ከእንግዲህም ወላጅ አግዙ ስትሉ፣ የትኛውን ወላጅ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ብትነግሩን፣ እኛ የማንፈለገው ልጆቻችንን ከማሳፈራችን በፊት ቤታችን እንቀመጣለን።

ሰኞ ጠዋት በቱታዬ ቢሮዎ እመጣለሁ። ሥራ ላይ የምለብሰው እሱን ነው፣ ልጄም የምታውቀኝ በእሱ ነው። ከክፍል አስጠርተው ይህ ሰው ማነው ብለው እንዳይጠይቋት ግን አደራ እላለሁ። የምትመልሰውን ስለማላውቅ ፈርቻለሁ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ፣ ሕግዎን በሚገባ ስላልተማርኩ፣ በስሜ ተሸልሜም መድረክ ድረስ ባለመውጣቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለእርስዎም ለመምህራኑም ረጅም ዕድሜና ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች እመኛለሁ።

በጓሮም በፊት ለፊትም በር ገብቶ ያልታየው አክባሪዎ፣
ጀላል ዘይኑልአቢዲን

ማሳሰቢያ፦ ሞዴል ወላጅ ብላችሁ የሸለማችሁት ሚስባህ ወንደላጤ ነው። በቅርቡ ኒካሕ ሊያስር ቀን ተቆርጦ ሳለ፣ ሐርቡ ያሉት የእጮኛው ቤተሰቦች አራተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ እንዳለችው፣ ያውም በአባትነቱ እንደተሸለመ ሰምተው ነገሩን አቁመውታል። ስለሆነም ሚስባህ የማንም አባት እንዳልሆነ የሚገልጽ፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እንዲጽፉለት በትሕትና እጠይቃለሁ። ማኅተሙ እጅዎ ላይ እያለ ደግሞ፣ ካላስቸገርኩ፣ ለእኔም የፋኢዛ አባት መሆኔን የሚገልጽ አንድ ይጻፉልኝ። ለማንም አላሳየውም፤ ለእሷ ብቻ ነው።