ለአባቴ ያልተረጎምሁት መልስ

ሚያዝያ ፱ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

ዛሬ አባቴን ዋሸኋቸው።

የጣሊያኑ ሐኪም መንጋጋቸው ላይ ያበጠው ነቀርሳ ነው፣ እንዲሁ ከተተወ ለረመዳን አይደርሱም አለኝ። ከአገሩ አዲስ መርፌ መጥቶለት ሊሞክርባቸው ይፈልጋል። ፈቃዳቸው ካልሆነ ግን አላስገድድም አለ። ጣሊያኖቹ መጋዘን ስሠራ ቋንቋውን ስለለመድሁ አስተርጓሚው እኔው ነበርሁ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደንገል ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አዲስ ታንኳ ሲያልቅ ብቻቸውን ተሳፍረው ጥልቁ ድረስ ሳይቀዝፉባት ለባለቤቷ አይሰጧትም። ዛሬም፣ «ይኸን መድኃኒት ቀድሞ የተሳፈረበት ማን ነው በለው» አሉኝ።

ጠየቅሁት። «እስካሁን አይጥ ላይ ነው የሞከርነው። ከሰው እሳቸው የመጀመሪያው ይሆናሉ» አለ፣ እጁን እየታጠበ።

ወደ አባቴ ዞርሁና፣ «በአገሩ ብዙ ሰው ድኖበታል ይላል» አልሁ። እውነቱን ብነግራቸው እንቢ ይሉ ነበር። አጥሚት እንኳ መዋጥ ሲያቅታቸው በየቀኑ የማያቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ትኩር ብለው አዩኝ። «ከአንተ አፍ ከሰማሁ ይበቃኛል» አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሐኪሙ ያቀረበላቸው የፈቃድ ወረቀት ላይ አተሙ።

ስንመለስ ሐይቁ ዳር ጀምረው የተዉትን ታንኳ ማሰሪያ ጠበቅ ጠበቅ አደረጉ። ነገ ጧት ሐኪም ቤት ይገባሉ።

«ስወጣ እጨርሳታለሁ» አሉኝ። «እኔ ሳልሞክራት ማንም እንዳይሳፈርባት፤ ሰው ትገድላለች።»

እሺ አልኋቸው።