በስድስተኛው ስብሰባ የጸለይሁት

ማራማ ልጄ፣ በሰው አገር ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም። የደበቅሁሽ ነገር አለ፤ አንብበሽ ይቅር በይኝ። እዚህ ኦክላንድ፣ በእኛ በማኦሪዎቹ የአባቶች መሬት ላይ የሚሠራውን ሰፈር፣ የግንባታ ኩባንያው ሰዎች "አብረን እናቅድ" ብለው እኛን ከመጥራታቸው በፊት፣ ያለቀውን ፕላን ቢሯቸው አይቻለሁ። ለእኛ የተተወልን የመኪና ማቆሚያው ጥግ ብቻ ነው። መከበሬን ወድጄ ዝም አልሁ፤ አምስት ስብሰባ በጸሎት ከፈትሁላቸው። እነሱ ደግሞ "ሽማግሌው ባርከውታል" ብለው በሪፖርታቸው ጻፉ!

አክስትሽ ሮይማታ፣ "አንተ ሰውዬ፣ በአሜን አገር ትሸጣለህ?" ብላ ጮኸችብኝ። በንዴት ነደድሁ፤ በእነሱም፣ በራሴም።

ትናንት በስድስተኛው ስብሰባ አለቃቸው ካርታውን ታቅፎ፣ "አባባ፣ እስቲ ይባርኩልን" አለኝ። ተነሥቼ ያየሁትን ለሰዉ ሁሉ ዘረገፍሁት። በእኛ ደንብ ከመዝጊያ ጸሎት በኋላ ማንም ቃል አይጨምርም፤ እሱ አፉን ሳይከፍት የመዝጊያውን ጸሎት አደረስሁ።