ስለ ቀረችው አንድ አልጋ

ውድ ባንቺአየሁ፣

ደረትሽ እንዴት ሰነበተ ብዬ ልጀምር፤ የሌላውን የሌላውን ወሬ በየቀኑ በድምፅ ስለምትልኪልኝ አውቀዋለሁ። ወንድምሽ ከሚስቱ ጋር መታረቁን ሰምቻለሁ። አይበረክትም፣ ግን ደስ ይበላችሁ።

ስለ እኔ የምታወሪውም ደርሶኛል። ደብረ ብርሃን እናንተ ቤት ለጥየቃ ለመጣ ሁሉ፣ «አል ዐይን ፋንታዬ የምትባል እህት አለችኝ፣ በዚያ በኮሮና ጊዜ ማደሪያ ሳጣ ስልክ ያልደወለችበት መሥሪያ ቤት የለም» ትያለሽ አሉ። ሳሮንና ሰልማ ገና እዚህ ክፍል አብረውኝ ሳሉ ይህንኑ በድምፅ ስትልኪው ስልኬን ጮክ አድርጌ ከፍቼው ነበር። ሳሮን ሳቀች። ሰልማ ግን ቀና ብላ አየችኝና ወደ ልብስ ማጠፏ ተመለሰች።

ባንቺ፣ የደወልኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው። እዚያም ደውዬ ያደረግኩት ለአንቺ የቀረችውን አንድ አልጋ ማዘጋት ነው።

አሁን ቁጭ በይና ስሚኝ። የምታውቂውን በአጭሩ፣ የማታውቂውን በረጅሙ ነው የማወራሽ።

ኢድ ካለፈ ልክ በሳምንቱ፣ እሑድ፣ ከቀትር በኋላ ከአቡ ዳቢ ደወልሽ።

«ፋንትሽ፣ ማዳም ሻንጣዬን በር ላይ አውጥታ አስቀመጠችልኝ።»

«ምን አድርገሽ?»

«አባቷ ታመሙ፣ ኮሮና ነው ተባለ። አንቺ ነሽ ያመጣሽው አለችኝ። እኔ ከዚህ ግቢ ከወጣሁ ሦስት ወር አልፎኛል! ከየት አባቴ አመጣዋለሁ? ፍሪጅ ውስጥ አብቅዬው ካልሆነ!»

«አልተመረመርሽም?»

«ተመርምሬያለሁ፣ ነጋቲቭ ነኝ። ወረቀቱን ባሳያት ‹ኸላስ› ብላ በሩን ዘጋችው። ፓስፖርቴም እሷው ጋ ነው።»

አየሽ፣ በዚያ ሁሉ መሃል ታስቂኝ ነበር። እኔም እየሳቅኩ፣ «እዚያው ኸሊፋ ሲቲ ባስ ማቆሚያው ጥላ ሥር ቁጭ በይ፣ እኔ እያለሁልሽ ምን ትሆኛለሽ!» አልኩሽ። ይህቺ «እኔ እያለሁ» የምትባል ነገር ከአፌ እንዴት ፈጥና እንደምትወጣ አንቺው ታውቂያለሽ።

በዚያው ቀን ከማክሰኞ ጀምሮ በአቡ ዳቢና በአል ዐይን መካከል ያለ ፈቃድ መሻገር ክልክል ነው የሚል አዋጅ ወጣ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። ወይ እስከ ሰኞ ማታ አል ዐይን እኛ ክፍል ትደርሻለሽ፣ ወይ እዚያው አቡ ዳቢ መጠለያ ትገቢያለሽ፣ አለዚያ በዚያ ሙቀት ሜዳ ላይ ቀረሽ ማለት ነው።

ክፍላችን ስል የአርብ ክፍላችንን ነው። የሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች በሳምንት አንድ ቀን እግራችንን የምንዘረጋባትን ያቺን ክፍል ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ አከራዩን በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛሽ አስቀሽ ያግባባሽውም አንቺ። በኮሮና ጊዜ ሥራ የቀረብን ሦስታችን፣ እኔ፣ ሳሮንና ሰልማ፣ ጠቅልለን ገባንባት። ኤሲው ሥር ያለው አልጋ ያንቺ ነበር። አቡ ዳቢ ሥራ አግኝተሽ ስትሄጂ እኔ ወረስኩት።

ሰልማ ወዲያው ስልኳን አውጥታ የመንግሥት የቤት ድጋፍና መጠለያ የት የት እንዳለ መፈለግ ጀመረች። መጀመሪያ ያገኘችው ለአገሬው ሰው ቪላ መሥሪያ መሬት የሚሰጥበትን ገጽ ነው። «የቤተሰብ መዝገብ ያስፈልጋል ይላል» ብላ ስታነብ ሳሮን፣ «በዚያው ለእኔም አል ፈላሕ ሰፈር ባለ አምስት መኝታ ጠይቂልኝ፣ ሳሎኑ ሰፊ ይሁን» አለች። በሳቅ ፈረስን። አንቺ በዚያ ሰዓት ሻንጣሽ ላይ ተቀምጠሽ ነበር።

ቆይታ ቆይታ ሰልማ መሄጃ ላጡ ሴቶች መጠለያ የሚሰጥ አንድ ስልክ ቁጥር አገኘች። «አንቺ ደውዪ፣ አንቺ አፍ አለሽ» አለችኝ። አፍስ ነበረኝ።

አሚራ የምትባል ልጅ አነሣች። ወላጆቿ ከወሎ፣ እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን በእንግሊዝኛ የምትደግፍ።

«ስለ ራስሽ ነው እህት?»

«ስለ ጓደኛዬ ነው።»

«ኦኬ። እዚህ ፋሚሊ አላት? የሚያስጠጋት ፍሬንድ፣ ማንም ሰው?»

ድምፅዋ ውስጥ ያለችው እዝነት ቆጠቆጠችኝ። ደግሞስ እኔ ያደግኩበትን ታውቂ የለ? እናቴ የቀበሌ ቤት ለማግኘት ስትመላለስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አለሽ?» ነበር። የአክስቷ ልጅ እዚያ ጸሐፊ ሆኖ ሲገባ ነው ማመልከቻዋ ከመሳቢያ የወጣው። እኔ መሥሪያ ቤት የማውቀው እንዲህ ነው፤ ከኋላሽ ሰው ካለ ይፈሩሻል፣ ያስተናግዱሻል። ስለ አንቺ «ማንም የላትም» ማለት ደግሞ በቁምሽ እንደ መርገም ሆነብኝ።

«እንዴ! ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት። «ዘመድ አልባ መሰለችሽ? እኔ እህቷ አለሁ አይደል!»

«ቤት አለሽ?»

«በሚገባ! አል ዐይን መሃል ከተማ፣ ኤሲው ሌት ተቀን የሚሠራ!»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ከልቧ። «አንድ አልጋ ነበር የቀረኝ። እሱን ምንም ሰው ለሌላት ነው የምንሰጠው። በቃ አንቺ ጋ ትመጣለች ብዬ ፎርሙን ልዝጋው?»

እዚህ ላይ ገብቶኛል፣ ባንቺ። ያኔ አልገባኝም ነበር ብልሽ ውሸት ነው። እዚህ የሚያስገቡት ሰው የሌላትን እንጂ ሰው ያላትን እንዳልሆነ በደንብ ገብቶኛል። ግን እንዲያ ተኩራርቼ ስናገር ቆይቼ «አይ፣ የለንም» ማለት አቃተኝ። አንዲት በስልክ የማውቃት፣ መልኳን አይቼ የማላውቃት ልጅ እንዳትንቀኝ ብዬ፣ «ዝጊው» አልኳት።

ስልኩን እንደ ዘጋሁ፣ እሺ እንግዲያው እኛ ጋ ትምጣ አልኩ። ሳሮን ከአልጋዋ ዘላ ወረደች።

«እኛ ጋ? ከኮሮና ቤት ወጥታ?»

«ነጋቲቭ ናት እኮ።»

«ነጋቲቭ የነበረችው ትናንት ነው። ቫይረሱ ወረቀት አያነብም! አንድ ሰው ቢያስል ፎቁን በሙሉ ያሽጉታል። እናንተ የመኖሪያ ኢቃማ አላችሁ፣ ሐኪም ቤት ይወስዷችኋል። እኔን ግን ቀጥታ ኤርፖርት ነው!»

በሳሮን አልፈርድም። ከካፊሏ፣ ካስመጣቻት አሠሪ፣ ጠፍታ ሁለት ዓመት ያለ ወረቀት የኖረች ልጅ ናት፤ አገር ቤት አራት ወንድሞች ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

ሰልማ ግን፣ «ወላሂ እኔ መሬት እተኛለሁ፣ የኔን አልጋ ትውሰድ። እሷ ባገኘችው ቤት እሷን ከውጭ እናሳድር?» አለች።

አንድ ለአንድ ሆኑ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሳሮን፣ «ጓደኛሽ ናት፣ አንቺ ያልሽው ይሁን። ትግባ ካልሽ አፌን እዘጋለሁ» አለች። እንዲህ ነው ያለችው። ለአንቺ የነገርኩሽ ሌላ ነው።

እኔ አሰብኩ። ቢያስልሽስ የሚለው ታሰበኝ። ከኤሲው ሥር መነሣቴም ታሰበኝ፤ አልጋው ያንቺ ነበርና፣ ለአንቺ ለቅቄ ሙቀቱ ከላይ ወደሚከመርበት ወደ ሦስተኛው ተደራራቢ አልጋ መውጣቴ። ጓደኛዬ ሜዳ ላይ እያለች አልጋ አሰብኩ፣ ልበልሽ እንጂ።

«እኔ የማስበው ስለ ሳሮን ነው» አልኩ።

«ስለ ሳሮን ነው ስለ ፍራሹ?» አለችኝ ሰልማ።

ተቆጣሁ፣ ጮህኩ፣ እንዴት እንዲህ ትይኛለሽ ብዬ አለቀስኩም። ከዚያ ወደ አንቺ ደውዬ፣ «ሴቶቹ ጨክነው እምቢ አሉኝ፣ በተለይ ሳሮን» አልኩሽ። «አይዞሽ፣ ከመጠለያው ይደውሉልሻል። ስልክሽን እንዳትዘጊ፣ ከዚያም እንዳትነቃነቂ።» አንቺም «እግዜር ይስጥሽ» አልሽኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ሳሮንን በየሰላምታሽ የምትዘልያት በእኔ ውሸት ነው።

ሰኞ ደግሞ እሸቱ ደወለ፣ ያ የአገራችን ልጅ፣ ሾፌሩ።

«ፋንታዬ፣ መቅጣዕ ድልድይ ጋ ነኝ፣ ወደ እናንተ ልመጣ ነው። መኪናው ባዶ ነው። ባንቺን ማዳሟ አስወጣቻት ሲሉ ሰማሁ፤ ኸሊፋ ሲቲ መንገዴ ነው፣ ላንሣት? ነገ እኮ መንገዱ ይዘጋል።»

«መጠለያ አግኝታለች» አልኩት።

«እሰይ! ማን አገኘላት?»

«እኔ ነኛ።»

«አንቺ እኮ ሰው ነሽ፣ ፋንታዬ!»

አመሰገንኩት። መኪናው አንቺ ከተቀመጥሽበት ምናልባት ሁለት መንገድ ርቆ አለፈ፣ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ። ለምን ነው ቢሉኝ፣ ካመጣሽ ክፍሉ በር ላይ ቆመሽ ሳሮን እውነቱን እንዳትነግርሽ ነው።

ማክሰኞ መንገዱ ተዘጋ። «እስካሁን አልደወሉም፣ ቻርጄ እያለቀ ነው» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ረቡዕ ጠዋት እንደገና ወደ አሚራ ደወልኩ።

«እባክሽ ልጄ፣ ያቺ ልጅ ማንም የላትም።»

«የአል ዐይኗ እህቷ ነሽ አይደል? ድምፅሽን አውቄዋለሁ።»

«እህቷ አይደለሁም።»

«ያኔ ነው የዋሸሽው አሁን?»

«ያኔ።»

«አልጋውን እኮ በዚያው ቀን ለሌላ ሰጠሁት» አለች። «አሁን ተራ ነው። ራሷ ትደውልልኝ፣ የት እንዳለች ትንገረኝ፣ ፕሊስ፣ ሌላ ቦታም ቢሆን እጠይቃለሁ።» ቁጥሩን ልልክልሽ ስልክሽን ብሞክር ተዘግቷል። ለሦስት ቀን ስልክሽ ዝግ ነበር፣ እኔም ለሦስት ቀን በኤሲው ሥር ተኛሁ።

የቀረውን አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። ያላለቀ ቪላ ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ ካርቶን አንጥፈሽ ሦስት ሌሊት እንዳደርሽ። ከግንባታው ቧንቧ የፈላ ውሃ እንደ ጠጣሽ። ከዚያ ራስሽ ሄደሽ የማዳምን በር እንዳንኳኳሽ፣ እሷም «አባቴን ካስታመምሽ ግቢ» እንዳለችሽና በውጭ በኩል ባለችው ክፍል ከሽማግሌው ጋር እንደ ዘጋችብሽ። እሳቸው ዳኑ። አንቺ ተያዝሽ። ዛሬ ደብረ ብርሃን ቤታችሁ ደጃፍ ያሉትን ስምንት ደረጃዎች ለመውጣት ሁለት ጊዜ ታርፊያለሽ አሉ።

መንገዱ ሲከፈት፣ አገር ቤት ሳትገቢ፣ ማዳም ቤት ልጠይቅሽ መጥቼ ነበር። ሁሉንም ልነግርሽ ነበር የመጣሁት፣ ታምኚኝ እንደሆን። አንቺ ግን በጓሮ በር ዶሮ በሩዝ በሳህን አውጥተሽ፣ ራቅ ብለሽ ቆመሽ፣ «ስንት ተንከራተትሽልኝ፣ ብዪ» አልሽኝ። ጨው በጨው ነበር፤ በሽታው ጣዕም አጥፍቶብሽ እንደነበር አላወቅኩም። አንድም ሳላስቀር በላሁት፤ አመስግኜሽም ሄድኩ።

እስከዚህ ድረስ ዝም ብዬ እኖር ነበር። ያሁኑ ግን ከበደኝ። ትናንት በድምፅሽ፣ ታናሽ እህትሽ ሰላማዊት ቪዛዋ እንዳለቀላት ነገርሽኝ። «አንቺ ስላለሽ አልሰጋም፣ ከኤርፖርት ተቀበያት፣ እስክትለምድ አንቺ ጋ ትሁን» አልሽኝ። ምን ብዬ እንደ መለስኩልሽ ሰምተሻል። «ትምጣ እንጂ! ምን ጥያቄ አለው!» አልኩሽ፣ በዚያ በምታውቂው ድምፄ። ያንን አትስሚው። ይህን የጻፍኩትን እመኚ።

ሰላማዊትን ወደ እኔ አትላኪያት። ሰልማ አገባች፣ ሳሮን ወረቀት ለሌላቸው ምሕረት በተሰጠ ጊዜ አገሯ ገባች፣ ዛሬ ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋ ባዶውን ነው። ቢሆንም አትላኪያት። የመጣች ቀን ስሜ እጅግ ያምራል፣ ከጓደኞቼ ጋር አስተዋውቃታለሁ፣ ፎቶ እንነሣለን። የጨነቃት ቀን ምን እንደማደርግ ግን አይቼዋለሁ።

ወረቀቱ ጀርባ ላይ የአሚራን ቁጥር ጽፌዋለሁ። ሳትነሣ በፊት በቃሏ ትያዘው፣ ስልክ ይዘጋል። ጭንቅ ከመጣባት በራሷ አፍ ትደውል፣ ያለችበትን ትናገር፣ የሌላትን የለኝም ትበል። ማንም እኔ ልናገርልሽ ቢላት እሺ እንዳትል፤ ከማንም ይልቅ እኔ ብላት።

ፋንታዬ
አል ዐይን፣ መጋቢት ፳፻፲፫