እማዬ፣ መቅመስ ትቻለሁ

ውድ እማዬ፣

ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ካሳረፍንሽ አምስት ዓመት ሊሞላ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም። ከሥራ የተረፈኝን ጊዜ የቀበሌ ስብሰባና የስኳር ሰልፍ ይወስዱታል። ዛሬ ግን ራሴ ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮውን ዳስ ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ። አረቄውን እዚያው አወጣለሁ፤ ከቤቴል ድረስ የሚመጡት ደንበኞች አሁንም «የእትዬ ደስታ አረቄ» ነው የሚሉት። አናጺውን ተክሉን አግብቻለሁ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ልጅ እንጠብቃለን።

ትንሿ እህቴ አስካለ አሥር ዓመቷ ነው፤ በቁመት ግን ከእኩዮቿ ታንሳለች። ሁለተኛ ክፍልን ዘንድሮም ደገመች። ጠዋት ያወቀችው ከሰዓት ይጠፋባታል። ሱቅ ስልካት መንገድ ላይ ምን እንደተላከች ትረሳና እዚያው ቆማ ትቀራለች። መምህሯ ሰነፍ ናት ብሎ ይገርፋታል፤ ጎረቤት ደግሞ ቡዳ በልቷት ነው ይላል። ጠበል ወሰድኳት። በኋላ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ያየን ከውጭ ተምሮ የመጣ ወጣት ሐኪም ነው። ጭንቅላቷን ራጅ አስነሳትና ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ፣ ይህ የሚያሳየው አጥንቷን እንጂ አንጎሏን አይደለም አለኝ። አንጎልን የሚያነሳው መሣሪያ ያለው እሱ በተማረበት አገር ነው። ከዚያ ያመጣውን የአንድ ፈረንጅ ልጅ ፊልም ከመሳቢያው አውጥቶ አሳየኝ። አንጎሉ እንደ ድፎ ዳቦ ተቆርጦ የተነሳ ይመስላል። ከመደበኛው ያነሰ ነው፤ ግራና ቀኙን የሚያገናኘው መሐለኛው ክፍልም ሳስቷል። የልጁ እናት እርጉዝ ሳለች ትጠጣ ነበር አለኝ። ቀጥሎ የአስካለን ስስ የላይኛ ከንፈርና ትንንሽ ዓይኖቿን እያየ ስላንቺ ጠየቀኝ።

«እናቴ ሰክራ አይቻት አላውቅም!» አልኩት ተቆጥቼ።

«ስለ ስካር አልጠየቅኩሽም እህቴ» አለኝ።

ያኔ ነው የቀመስሽው ሁሉ የታየኝ። የመጀመሪያውን ጠብታ በመለኪያ ተቀብለሽ ትውጪው ነበር። ክብሪት ጭራ አረቄው መንደዱን የምትፈትሽ ምላሷን ያላመነች ናት ትይን ነበር። ገዢ በመጣ ቁጥር ደግሞ መርዝ እንደሌለው እንዲያይ በፊቱ ትጠጪለታለሽ። አስካለን አርግዘሽ፣ ሆድሽ ገፍቶ ሳለም እንደዚያው። ወግ ነው፣ ማን ልብ አለው? ቀኑን ሙሉ የተጎነጨሽው ተጠራቅሞ ምን እንደሚሆን የነገረሽ የለም።

ሐኪሙ አንጎሏን ስላላየሁት እርግጠኛ መሆን አልችልም ብሎኛል። እውነቱን ነው። እኔ ግን እርግጡ እስኪታወቅ ብጠብቅ ልጄ ይወለዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቅመስ ተውኩ።

ጋሽ ድንቁ ለልጃቸው ሠርግ ሊገዙ መጡና እንደ ወጉ መለኪያውን ወደ እኔ ገፉት። ጨጓራዬን አሞኛል አልኳቸው። «እናትሽ ጨጓራ አልነበራትም? ነው ወይስ ምን ጨምረሽበታል?» ብለው ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ሄዱ። ይሁን፣ ደንበኛ ይሄዳል ይመጣል።

የከበደኝ የአበበች ነገር ነው። ሙያውን ካንቺ የተማረችው፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን። ሰባት ወሯ ነው። ባለፈው ሳምንት ጌሾ ልትበደር መጥታ፣ «እስቲ እንደ እትዬ ደስታ ልቅመሰው» ብላ ከሚንጠባጠበው ተቀበለችና ዋጥ አደረገችው። እሷን በጨጓራ ሰበብ ላልፋት አልችልም። ብነግራት ያንቺ ስም ይነሳል፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚያከብርሽ በዚሁ እጅሽ ነው። ዝም ብላት ደግሞ ሆዷ ውስጥ ያለው ሕፃን አለ። አስካለን አየኋት። ጥግ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ለማሰር ትታገላለች፤ ስንት ጊዜ አሳየኋት መሰለሽ። ለአበበች ሁሉንም ነገርኳት።

«እናትሽን ከመቃብር አውጥተሽ ልትከሺያት ነው?» አለችኝ። ጌሾውን ሳትወስድ ወጣች። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አንቺን የነካሁሽ መሰለኝ።

ትናንት ጌሾውን ይዤላት ሄድኩ። ባሏ ከእንስራው አጠገብ በርጩማ ላይ ተሰይሟል፣ መለኪያ በእጁ። «ቀማሽ አድርጋ ቀጥራኛለች፤ ዕድሜ ልኬን የጸለይኩበት ሥራ!» አለኝ። አበበች ፊቷን አዙራ ጌሾውን ተቀበለችኝ። ገዢ ሲመጣ ግን መለኪያውን ያነሳው ባሏ ነው።

ለአስካለ መምህርም ስንፍና እንዳልሆነ ነግሬዋለሁ። ያመነኝ አይመስለኝም፤ ሰኞ ተመልሼ እሄዳለሁ።

እማዬ፣ ሰው ስምሽን በሙገሳ ብቻ እንዲያነሳው ብችል ደስ ባለኝ። ግን ያረገዘች አረቄ አውጪ ባየሁ ቁጥር ስላንቺ እነግራታለሁ፤ እንዳንቺ ያለ ባለሙያ እንዳልነበረ፣ ልጆችሽን በዚሁ ሥራ እንዳሳደግሽ፣ ማንም ሳያስጠነቅቅሽም እንደ ቀመስሽ። አንዷንም ሳልደብቅ። የማስታውስሽ እንደዚህ ነው።

ልጅሽ ዘነበች