በሩን የቆለፈችው እናት

ለምወድሽ ልጄ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? እኛ ደህና ነን፤ ድካም ብቻ ነው።

ነፍሱን ይማረውና ወንድምሽ የተዋቸውን መጻሕፍት ለአባትሽ ጮክ ብዬ እያነበብኩለት ነው። የጠንቋዮቹ ጦርነት አሰልቺ ነው፤ ስማቸውን ለመጥራት ምላሴ ይተሳሰራል። በልብ አንጠልጣዩ ደግሞ ገዳዩን ገና ብቅ ሲል አወቅነው። አስፈሪ የተባለው ግን አናደደኝ። የሞተ ልጇ ተመልሶ ሲያንኳኳ እናቲቱ በሩን ትቆልፋለች። "ምን ዓይነት እናት ናት?" ስል አባትሽ "ልጅ የሌለው ሰው ነው የጻፈው" አለኝና ተነስቶ የእኛን በር ከፈተ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አያስቆልፈኝም፤ ወንበሩንም ወደ በሩ አዙሮታል።

ስትመጪ እንዳታንኳኪ፣ እሺ የኔ ልጅ? ገና ከደጅ ሳለሽ "አባዬ" ብለሽ ድምፅሽን አሰሚው።

ዓይንሽን ለማየት የምትናፍቅ እናትሽ