በፈተና አዳራሽ ውስጥ ስላመለጠኝ ሳቅ

ለተከበሩ የቅጥር ፈተና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ስልክዎም እንደ ወትሮው የማይነሣ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እስከ ትናንት ድረስ ጸጉር ሠሪ ነበርኩ። የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ነው፤ ምስጋናዬ እዚህም እዚያም ቅሬታ ቢመስል በትሕትና ይለፉኝ።

1. አስቀድሜ ስለ ጥናቱ አመሰግናለሁ። የጸጉር ቤቱ ባለቤት «ቤቱን ልሸጠው ነው፣ ሌላ ሥራ ፈልጊ» ስላሉኝ ፈተናው ለእኔ የጨዋታ ጉዳይ አልነበረም። ማስታወቂያዎ «ወቅታዊ ጉዳዮችና ጠቅላላ ዕውቀት» ብዙ ነጥብ እንደሚይዝ ስለነገረን ደንበኞቼ የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሆነው ይጠይቁኝ ጀመር። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ድምፁ አይታወቀውምና «ትልቁ ውቅያኖስ?» ብለው ይጮኹብኛል፤ እኔም «ሰላማዊ!» ብዬ እጮኽባቸዋለሁ። መንገደኛ የተጣላን መስሎት ሊገላግለን ገብቶ ያውቃል። እናቴ ደግሞ ዜና በጀመረ ቁጥር «ዝም በሉ፣ ልጄ መንግሥት መሥሪያ ቤት ልትገባ ነው!» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ጸጥ ታሰኝ ነበር።

2. ቀጥሎ ስለዚያች ጥያቄ። «በከተማችን ወንዝ ላይ በመገንባት ላይ ያለው አዲሱ ድልድይ መቼ ይጠናቀቃል? ሀ. በሚቀጥለው ዓመት፣ ለ. ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሐ. ከአምስት ዓመት በኋላ፣ መ. አልተወሰነም።»

ክቡር ሆይ፣ እኔ የዚያን ዕለት ጠዋት ድልድዩን በአውቶቡስ ተሻግሬ ነው የመጣሁት። እንዲያውም አርጅቶ ለጥገና ግማሹ ስለተዘጋ ከፈተናው ልዘገይ ምንም አልቀረኝም።

ከንፈሬን ነከስኩ። ቀብር አሰብኩ፣ የጥርስ ሕመም አሰብኩ፤ አልሆነም፣ ሳቁ በአፍንጫዬ አመለጠኝ። ከኋላዬ የነበረው የመኪና መንዳት አሠልጣኝም ይህችው ጥያቄ ላይ ደርሶ ኖሮ እንደ ጎማ ፈነዳ።

«ምን ያስቃል?» አሉ ፈታኙ።

«ድልድዩ ነዋ ጋሼ» አለ አሠልጣኙ።

«የቱ ድልድይ?»

«አሁን ተሻግረነው የመጣነው።»

አዳራሹ በሙሉ ተንጫጫ። ከዚያ ሁሉ ሳቂ መካከል ሁለታችንን ብቻ ለይተው ያስወጡበትን ፍትሐዊነት ዛሬም አደንቃለሁ።

3. በር ላይ ስደርስ ሳቄ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ? አሠልጣኙ መሐረቡን ሰጠኝና «አይዞሽ፣ እኔ ተማሪ ይዞኝ ግድግዳ ላይ ሲወጣ እንኳ ተርፌያለሁ» አለኝ። አብረን ቅሬታ አቀረብን። የመሥሪያ ቤትዎ ሠራተኛም በሄድን ቁጥር «ነገ ተመለሱ» ይለን ነበር። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ አጭር ስለሆነ ከሌሎቹ ባለጉዳዮች ጋር ተሸጋሽገን፣ እኔና እሱም ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንቀመጥ ነበር። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ጉዳያችንን በአንድ ቀን ጨርሶ ለዘላለም ያለያየን ነበርና ውለታዎን አልረሳም።

4. በመጨረሻ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊት ቀረብን። ሰብሳቢዋ ቆፍጣና ሴት ናቸው። «የመንግሥት ፈተና የሚያስቅ ነገር የለውም» ብለው ጥያቄዋን ጮክ ብለው አነበቡ። «በመገንባት ላይ ያለው...» ሲሉ ቆም አሉ። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ «ብዕር ወደቀኝ» ብላ ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ እስክንወጣ ድረስ ብዕሩ አልተገኘም። ሰብሳቢዋ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ድጋሚ ይፈተኑ» አሉ።

5. በድጋሚው ፈተና ጥያቄዋ መታረሟን በአድናቆት እመሰክራለሁ፤ «አዲሱ» የምትለዋ ቃል ወጥታለች። ሌላው እንዳለ ነው። ሁለታችንም ጉንጫችንን ከውስጥ ነክሰን «አልተወሰነም» የሚለውን ከበብንና ፈተናውን አለፍን። እናቴ እልልታውን ስታቀልጠው ጎረቤት የወለድኩ መስሎት እየሮጠ መጣ።

ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት አሠልጣኙ ሰሌዳው ሥር ቆሞ «እንግዲህ ቅሬታ የለን፣ ከአሁን በኋላ የት ነው የምንገናኘው?» አለኝ።

«ቤታችን» አልኩት። መልሱን ከአራት አማራጭ መምረጥ አላስፈለገኝም።

ክቡር ሆይ፣ የምደባ ደብዳቤዬ በእርስዎ መሥሪያ ቤት፣ በጥያቄ ዝግጅት ክፍል እንድሠራ ያዛል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ገና የልቤን መናገር በምችልባት የመጨረሻዋ ቅዳሜ ነው።

ለትዕግሥትዎ፣ ለዝምታዎና ለተዘጋው በርዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣

ከሰኞ ጀምሮ ትሑት ታዛዥዎ

ማሳሰቢያ፦ ለሠርጋችን ተጠርተዋል። ልማድ ነውና «ውለዱ ክበዱ» ማለትዎ አይቀርም፤ ሲመርቁን ግን ልጁ በተፈጥሮ ፍጥነት እንዲመጣ እንጂ በመሥሪያ ቤታችን ፍጥነት እንዳይሆን አደራ።